ለልጄ የያዝኩት ዳቦ

«ለማን ነው?» ይለኛል በሩ ላይ የቆመው የሰልፈኞቹ አለቃ፣ የቅርጫቴን ጨርቅ በዱላው ገለጥ እያደረገ።

«ለልጄ ነዋ። ለእንደራሴው ለሸን። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጨጓራው ደግሞ በሽተኛ ነው፤ አምና ደም አስተፍቶታል።»

ለምን እንዳልቀመሰ ሁሉም ያውቃል። ንጉሡ ከወረደ ሁለት ዓመት አልሞላም፤ ፔኪንግ መምረጥ ገና እየለመደች ነው። የታችኛውም የላይኛውም ምክር ቤት ሰዎች ፕሬዚዳንት ሊመርጡ አንድ አዳራሽ ገብተዋል። ውጪ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሺህ ሰው ግንቡን ከቦ «ጄኔራሉን ካልመረጣችሁ አትወጧትም» ይላል። ዜጎች ነን ባዮች ናቸው። ግማሹ ጋሪ ጎታች ነው፤ ግማሹ ልብሱን የቀየረ ወታደር፣ ጫማው ያሳብቅበታል። ሁሉም የወረቀት ባንዲራ ይዟል። የተጻፈበትን የሚያነብ የለም። እኔም አላነብም፣ ግን እንደነሱ ገልብጬ አልይዘውም።

ሁለት ዙር ተቆጥሮ ለጄኔራሉ አልሞላለትም። አሁን ሦስተኛው ነው፣ የመጨረሻው። ጀንበር እያዘቀዘቀች ነው።

የምግቡን ነገር ቆሜ አይቻለሁ። ከጄኔራሉ ደጋፊዎች ቤት የመጣው እየተጨበጨበለት ገባ። ከልጄ ፓርቲ የመጣውን ቅርጫት ግን በእርግጫ ገለበጡት። «ይራቡ፣ ደግ አደረጋቸው» እያሉ ይስቃሉ። ያመጣው ሽማግሌ ወጥ ሠሪ እስካሁን ተንበርክኮ ዳቦውን ከጭቃ እየለቀመ ነው።

«አለቃ፣ እሷን እኔ አውቃታለሁ» ይላል አንዱ ከኋላዬ። ዞር ስል ቹዪ ነው፣ የሰፈራችን ባለጋሪ። ጉንጩ በሥጋ ተወጥሯል፤ እነሱንማ የጄኔራሉ ሰዎች ከጠዋት ጀምረው ሲያበሏቸው ነው የዋሉት። «የሷ ልጅ እኮ ‹የጄኔራሉን ስም ከምጽፍ የውሻዬን ስም እጽፋለሁ› ያለው ነው። ራሷ ናት ውሃ ጉድጓዱ ጋ ያወራችልን።»

እውነቱን ነው። ልጄ ከክፍለ ሀገራችን ሰዎች ጋር ሰባት ሆነው ጄኔራሉን ላለመምረጥ መማማላቸውን ቢነግረኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለሰፈሩ አደልኩት። ውሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ውሻም የለው።

«አንተ ደግሞ ስትጠግብ ነው የሚታወስህ» እለዋለሁ። «ያ የፊት ወሬ ነው። ልጄ ትናንት ሐሳቡን ቀይሯል። የጄኔራሉ ሰው ነው።»

አለቃው ፈገግ ይላል። «የኛ ከሆነማ ምን ያሳፍራል፣ እማማ? ለራሱ ንገሪው። ጮክ ብለሽ፣ እንዲሰማ።»

ከግንቡ በላይ የአዳራሹ መስኮቶች ክፍት ናቸው። ዳቦዎቹን አያለሁ። በእንፋሎት አብስዬ፣ ሥጋና ባሮ ሽንኩርት ሞልቼ፣ አሥራ ሁለት። ሙቀታቸው እያለቀ ነው። አምና ደሙን የተፋበት ሳህን ይመጣብኛል።

«ቦዩዋን፣ ልጄ» እጮሃለሁ፤ ጉሮሮዬ ደግሞ ከድሮም ሰፈር ያስነሳል። «የጄኔራሉ ሰው መሆንህን ነግሬያቸዋለሁ። ዳቦህ እየገባልህ ነው።»

አለቃው ባንዲራውን ያነሳል። «ሸን የኛ ነው» ይላል። ሺህ ሰው ይቀበለዋል፤ ሸን የኛ ነው፣ ሸን የኛ ነው። ቅርጫቴ በሰው ራስ ላይ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ይገባል። እኔም እስቃለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አታለልኳቸው ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከውስጥ ጩኸት ይወጣል። ጄኔራሉ ተመርጧል። ዜጋ የተባለው ሁሉ ባንዲራውን መሬት እየጣለ፣ ገበያ እንደተፈታ፣ ይበተናል። እንደራሴዎቹ አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ፤ ማንም ከማንም አያወራም።

ታን ይመጣል። ከልጄ ጋር አብሮ የተማረ፣ ከማዕዴ ሲበላ ያደገ ልጅ ነው፤ ከሰባቱም አንዱ። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ» ይለኛል ዝቅ ብሎ። ከኋላው ያለውን ልጄን ግን ዞር ብሎ አያየውም። ያልፋል።

ልጄ ቅርጫቱን አንጠልጥሏል። ጨርቁን እገልጣለሁ። አሥራ ሁለቱም አሉ።

«ለምን አልበላህም?»

«እማዬ፣ ድምፅሽ እስኪመጣ ድረስ ሰባታችንም ጠንክረን ነበር» ይላል ቀስ ብሎ። «ከዚያ ስድስቱም ዞረው አዩኝ። ታን ‹አንተም?› አለኝ። አይደለም አልኩት። ቅርጫቱ ፊቴ ተቀምጦ። አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱና የጄኔራሉን ስም ጻፉ።»

«አንተስ?»

«እኔ አልጻፍኩም። ሂጂና ንገሪያቸው እስቲ፣ ማን ያምንሻል።»

ግንቡን ይደገፋል። ቹዪ ጋሪውን እየጎተተ ከች ይላል።

«ጌታው፣ የኛ ሰው፣ ይግቡ ላድርስዎ። እማማ፣ አንቺም ጋሪው ላይ ውጪ፤ በዚያ ከልጅነትሽ ጀምሮ በጨርቅ በታሰረ እግርሽ መቼ ልትደርሺ ነው?»

ሌላ ጋሪ የለም። ልጄን ደግፌ አወጣዋለሁ፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቹዪ ለመጎተት ሁለቱንም እጁን ይፈልጋል፤ ባንዲራውን ከወንበሩ ጀርባ ይሰካዋል።

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ሴቶቹ ውሃ ጉድጓዱ ጋ ናቸው። ባልዲያቸውን ያስቀምጣሉ። ባንዲራው ከልጄ ራስ በላይ ይርገበገባል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እማማ ሸን፣ ምን ሆነ? ልጅሽ ምን አደረገ?»

ሁሉም አፌን ያያሉ። ከቅርጫቱ አንድ ቀዝቃዛ ዳቦ አነሳና አፌን እሞላዋለሁ።