በዕድሜ ልክ
የሚያብረቀርቁ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧዎች ሶልቬግን ሁለት ጊዜ ሸውደዋታል። ማንጠባጠብ ሲጀምሩ ጠጋኙ “ይጣል እንጂ አይጠገንም” እያለ ይሄዳል። ዛሬ ግን ዱሉዝ መሀል ካለው የዱዌን ሱቅ አንዱን የነሐስ ቧንቧ አንስታ በእጇ መዘነችው፤ በካቻቪቴ ፈታችው፣ ጎማውን አወጣች፣ መልሳ ገጠመችው።

“ይሄስ አንተንም እኔንም ይቀብራል” አለች።

“ምን ጥርጥር አለው፣ እትዬ! ዋስትናውም የዕድሜ ልክ ነው። እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ጎማው ቢያልቅ ኩባንያው በነጻ ይልክልዎታል። እንግዲህ ሱቄን ዳግመኛ አይረግጡትም ማለት ነው!”

ዱዌን ኩባንያው ዘንድ ደወለና፣ እሷም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ስሟን አስመዘገበ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አነጋገሯ ማር ነው።

“ተመዝግቧል። ዋስትናዎ እስከ ፊታችን ሐሙስ ያገለግላል።”

ዱዌን ሳቀ። “የኔ እህት፣ ቀን ተምታቶብሻል። እስቲ ደግመሽ እዪው።”

የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ።

“አዎ፣ ሐሙስ ነው።”

ሶልቬግ ቧንቧውን እንደያዘች ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። “ልጄ፣ የዕድሜ ልክ ነው ተብዬ እኮ ነው!”

“ነው እንጂ፣ እናቴ” አለች ልጅቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “በዕድሜዎ ልክ ነው።”