የድንበሩ ድንጋይ
ቀያሹ ሜትሩን እየጎተተ ከባልቴቷ ግቢ ሲወጣ፣ ጎረቤቷ አናጢው ደጁ ላይ ቆሞ በሆዱ ፈጣሪውን ያመሰግን ነበር። ከተማው ለማሳለጫው ድልድይ የሚገዛው የእሷን ግቢ እንጂ የእሱን አይደለም። «አባባ፣ ድንበርዎ የቱ ጋ ነው?» ሲል ቀያሹ ጠየቀው። አናጢው የድንበሩን ድንጋይ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው። «ይኸው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

ቀያሹ ድንጋዩን አንድ እርምጃ አልፎ ወደ አናጢው ግቢ ገባና ቀይ ችካል ተከለ። «እንግዲያው መስመሩ የእርስዎንም ነክቷል። የነካውን ይዞታ ደግሞ ሙሉውን ነው የምንገዛው፤ ቤቱም አይቀርም።»

አናጢው ክው አለ። ድንጋዩን ከአምስት ዓመት በፊት ሁለት እርምጃ ወደ ባልቴቷ ግቢ የገፋው በገዛ እጁ ነው፤ በቦታው ትቶት ቢሆን ኖሮ ችካሉ ከድንበሩ ውጭ ይቀር ነበር። «ቆይ እስቲ ልጄ» አለ፣ «ይሄ ድንጋይ እንኳ... ድሮ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ ያለ ነበር።» ባልቴቷ እጇን አጣምራ ድንጋዩን ታይ ነበር። «ኧረ አልተነቃነቀም ልጄ» አለችው ቀያሹን፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ዳኛ ፊት ሲምል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»