ስድስት ሰዓት የዘገየው ኮከብ

ታክሲያቸው ጎፋ ገብርኤል ጋ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ነበር። አያንቱ ግን መንገዱ እንዳይከፈት በልቧ ትለማመን ነበር። ከጎኗ አማካሪዋ ዶክተር ፊሊጶስ ለጉባኤው ክራባታቸውን ያስራሉ። አምና እሳቸው፣ ዘንድሮ እሷ የተከታተሉት ኮከብ የሚደምቅበት ጊዜ በስድስት ሰዓት መዘግየቱን፣ እንደ ታላቅ ግኝት፣ ዛሬ ሊያቀርቡ ነው። ጠዋት ግን ጉዱን ደረሰችበት፤ እሷ የመዘገበችው በፈረንጅ ሰዓት፣ እሳቸው በሐበሻ ሰዓት ነበር። ልንገራቸው ባለች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሏት።

«በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» አለች ሰዓቷን ሳታይ።

ፈገግ አሉ። «ምን ነካሽ? እኔ መቼ በፈረንጅ ቆጥሬ አውቃለሁ?»

ክራባቱን የያዘው እጃቸው ባለበት ቀረ። ቀና ብለው አዩዋት፤ እሷ አቀረቀረች።

«መንገዱ ተከፈተ» አለ ሹፌሩ።