የተወረወረው ጉበት

ታላቅ ወንድሟን በገዛ ግቢው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ እንዴት አድርጋ እጁን ትያዘው? ሚስቱ ቀዶ ሕክምና አድርጋ በደህና ወደ ቤቷ በመመለሷ የታረደው በግ ወይራው ላይ ተሰቅሏል። ወንድሟ ጉበቱን በግራ እጁ ይዞ ነበር። መሀሉ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። እግሩ ሥር ውሻው ይቁነጠነጣል።

«ጋሼ፣ ለውሻው አይስጡት» አለች። «ከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል በውሻው በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። አርቀው ይቅበሩት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ፈረንጅ አገር ተቀምጠሽ የተማርሽው ለጉበት መቃብር መማስ ነው?» ጎረቤቶቹ ሳቁ። «ሚስቴን የበላት ቡዳ ነው። ውሻዬ ምን አደረገ?»

ለብቻው ጠርታ መንገር እንደነበረባት ያኔ ገባት። መደቡ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን ነጠላዋን በቁስሏ ላይ ሰብስባ፣ «ሐኪሙ ከሆዴ አውጥቶ ያሳየኝ ይህንኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። ሳቁ ቆመ። ወንድሟ ከረጢቱን አየ፤ የሚስቱን ሆድ አየ። በየመስቀሉ፣ በየፋሲካው የተበላሸ ጉበት ለውሻ ሲወረውር የኖረው ይኸው እጅ ነበር። ከዚያ ዓይኑን እህቱ ላይ ተክሎ ወረወረው። ውሻው ሳያላምጥ ዋጠው።

በማግስቱ ስትመለስ፣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሲቆም፣ «ጋሼ፣ የውሻውን የትል መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያው ውሻውን አስረው ያቆዩት» ብላ በስልኳ ጻፈችለት። ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ተፈታ፣ በዚያ ግቢ ሌላ በግ ታረደ፤ መልስ ግን አልመጣም።