«ክዳኑን እንዳትከፍቺው አደራ!»

«እሁድ እኮ ነው እትዬ ብዙወርቅ... ዛሬም አይወጡም?»

«የሐሙሶቹ እየተፈለፈሉ ነው ልጄ... ጥያቸው የት እሄዳለሁ?»

እትዬ ብዙወርቅ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ለበር የምንተያይ ጎረቤቴ ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆነው አቃቂ በሰቃ የኖሩ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት...

አሁን ግን የድርጭት ዘበኛ ሆነዋል!

ልጃቸው ዘአማኑኤል የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ገተረላቸው።

ሰኞ እንቁላል ይገባል... ሐሙስ ደግሞ ሌላ ይገባል።

ድርጭት በአሥራ ሰባት ቀኗ ነው የምትፈለፈለው። የሰኞው ሐሙስ ይወጣል፣ የሐሙሱ እሁድ ይወጣል። ባዶ ሳምንት የሚባል ነገር የለም!

የወጡት ጫጩቶች ደግሞ አውራ ጣት አያክሉም። ካርቶን ውስጥ፣ አምፖል ሥር ናቸው። ከተጠጋጉ በርዷቸዋል፣ ከተበታተኑ ሞቋቸዋል። አምፖሉን ዝቅ... አምፖሉን ከፍ... ቀኑን ሙሉ!

ሴትዮዋ ቤተክርስቲያን ከሳሙ ስንት ወራቸው። ለቅሶ የለ፣ ማኅበር የለ። በመስኮት መንገዱን እያዩ ይውላሉ።

ልጁ የየቀኑን ሥራ በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ጽፎላቸዋል... ልክ እንደ ተቀጣሪ!

ስልክ ቁጥሩንም ያልለጠፈበት ዕቃ የለም። እንቁላል ማሸጊያው ላይ፣ ጃንጥላቸው ላይ፣ ቦርሳቸው ላይ...

«ጭራሽ እናቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ አደረጋቸው!» ብዬ ተቃጠልኩ።

የዚያን እሁድ እትዬ ብዙወርቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዳሲቱ ታማ ተኝታለች አሉ... አብሮ አደጌ እኮ ናት...»

አላስቻለኝም።

«ይሂዱ! እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

በሩ ላይ ደርሰው ሦስት ጊዜ ተመለሱ።

«ክዳኑን እንዳትከፍቺው አደራ! መውጫቸው ሲደርስ ከተከፈተ እርጥበቱ ያመልጣል። ስስ ቆዳው ይደርቅባቸውና እዚያው ተይዘው ይቀራሉ።»

ለበሽተኛዋ አንድ እሽግ የድርጭት እንቁላል ይዘው ወጡ። እኔም ጀግንነት ተሰማኝ።

ከሰዓት በኋላ በመስታወቱ ሳይ አንዷ ምንቃሯን ብቻ አውጥታ ትታገላለች... አሳዘነችኝ።

ከፈትኩት።

በጥፍሬም ቅርፊቱን ላላቅቅላት ሞከርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ዘአማኑኤል ከፋብሪካ ተረኛነቱ ገባ።

«እማዬስ?»

«አቃቂ በሰቃ... ዳሲቱን ሊጠይቁ ሄዱ። ጠዋት ነው የወጡት።»

«ብቻዋን?!»

ፊቱ አመድ መሰለ።

ዳሲቱ ቤት ደወለ... አልደረሱም!

«ትረሳለች እኮ! ሐኪሙ ከነገረኝ ዓመት ሆነው። ባለፈው የማታውቀው ሰፈር መሀል መንገድ ላይ ቆማ ነው ያገኘኋት...»

ያወለቀውን ጃኬት መልሶ ለበሰ።

«በር ልቆልፍባት? እናቴ ናት! እንቁላል ካለ ግን ጥላ አትወጣም። ሰኞና ሐሙስ ያደረግኩት ባዶ ቀን እንዳይኖራት ነው። ጫጩቶቹን እኮ ለፈለገ ሰው በነፃ ነው የምሰጠው!»

መሬት በተከፈተችና በዋጠችኝ!

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ሱፍያን እባላለሁ፣ ኮዬ ፈጬ ሱቅ አለኝ። አንዲት እናት በራፌ ላይ 'ጫጩቶቼ በረዳቸው' እያሉ ያለቅሳሉ። ቁጥርህን የእንቁላላቸው እሽግ ላይ አገኘሁት...»

ማስታወቂያ ነው ያልኩት ቁጥር!

የተሳሳተ ታክሲ ነበር የተሳፈሩት።

ዘአማኑኤል ሄዶ ይዟቸው ሲመጣ እትዬ ብዙወርቅ ነጠላቸውን ሳያወልቁ እጃቸውን ካርቶኑ ውስጥ ሰደው ሙቀቱን ለኩ። ከዚያ ማሽኑን አዩ... አራቱ ቅርፊታቸው ውስጥ ደርቀው ቀርተዋል።

«ከፈትሽው አይደል?»

አለቀስኩ።

ልጃቸው ውሃ ሊያመጣላቸው ወደ ማድቤት ሲገባ ጆሮዬ ሥር ተጠጉ...

«እንደምረሳ የማላውቅ ይመስለዋል። አውቃለሁ ልጄ... ሥራ ቦታው ላይ ልቡ እንዲያርፍለት ብዬ ነው የምቀመጥለት። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ልውጣ ብዬ ነበር። እንዳትነግሪው።»

እሱ እንዳይቆልፍባቸው ብሎ እንቁላል ገዛ... እሳቸው እንዳይጨነቅ ብለው ተቀመጡለት... እኔ ደግሞ መሀል ገብቼ ፈረድኩ!

ባለፈው እሁድ «እጅዎን ይዤ ዳሲቱ ጋ ልውሰድዎት፣ ዘአማኑኤል ይጠብቃል» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ጫማቸውን አደረጉ። በሩ ጋ ሲደርሱ የጫጩቶቹን ድምፅ ሰሙ...

«የሐሙሶቹ እኮ ናቸው» አሉና ጫማቸውን አወለቁ።

ወዳጆቼ... የሰው በር ለምን እንደተዘጋ ሳትጠይቁ ለመክፈት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጠይቁ! እኔ ባለመጠየቄ አንዲት እናት ላጣ ነበር።

እስቲ እናንተ ፍረዱ...

በዘአማኑኤል ቦታ ብትሆኑ፣ የፊታችን ሰኞ እንቁላል ታስገቡ ነበር?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ... 👇