የነጠላው ቋጠሮ

መካነ ሰላም ከተማ ችሎት ውስጥ ጎልማሳው አቤቱታውን በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ «እናቴ አእምሯቸው ተዛብቷል፤ ቤቱን ለእህቴ የሰጡበት የስጦታ ውል ይፍረስልኝ» ብሎ መጨረሱ ነበር። ዳኛዋ ወደ እናቱ ዞረው፣ «እማማ፣ ዛሬ ዕለቱ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

እናቱ ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳይነቅሉ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ለመንገድ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ አፍሰው ወደ እሱ ተጠጉ። «ይኸው! በችሎት ፊት ቆሎ!» ሊል ልጁ አፉን ከፈተ።

«ዕለቱማ ሐሙስ ነው፣ የኔ እመቤት» አሉ እናቱ ለዳኛዋ። «ይሄ ልጅ ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ይርበዋል። አብሽር ልጄ፣ እንካ ቆርጥም።»

ከእናት እጅ እህል በአንድ እጅ መቀበል ነውር ነው። አቤቱታውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ ዘረጋ።