እኔ ጫት ነኝ?

ተሻለች የጎሚስታ ቤቱን በር በክርኗ ገፍታ ትገባለች። ባሏ እንደሻው የሚኒባስ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ቀና አይልም።

«ሌላ ሴት ይዘህ ከሆነ ዛሬ ንገረኝ» ትለዋለች። «እዚህ ማደር ከጀመርክ ሰነበትክ። ጎረቤቱ ሁሉ የተጣላን መስሎታል።»

«ኧረ የምን ሴት!» እጁን በቱታው ይጠርጋል። በሩን አየት ያደርግና ድምፁን ይቀንሳል። «በራዲዮ ሰማሁ። የአልጋው ነገር… ቶሎ ቶሎ ሲሆን ሱስ ነው አሉ።»

«የኛ?»

«የኔ። አንቺማ ምን አደረግሽ። ጫትን ስንት ታግዬ እንደተውኩት ታውቂያለሽ። ያመለጥኩት በመሸሽ ነው።»

«እና እኔ ጫት ነኝ?»

ተሻለች ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ዐይኑን ስታይ ትተወዋለች። የእውነት ፈርቷል። አሮጌ ጎማ ላይ ትቀመጣለች።

«ያኔ ጫት ሲጠፋ ምን ታደርግ ነበር?»

«በር እሰብር ነበር። የእናቴን ጋቢ ሰርቄ ሸጫለሁ።»

«እኔ ደክሞኛል ስልህስ?»

ያስባል። «ትተኛለሽ። እኔም እተኛለሁ።»

«ሳታኮርፍ?»

«ምን ያስኮርፈኛል?»

«ሁዳዴን ሙሉስ?»

«ጾም ነዋ! ጾምኩ።» ጎማውን ውሃው ውስጥ ያገላብጣል። «ፋሲካ ግን ናፍቆኝ ነበር።»

«እኔንም» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ።

ካፊያ የጣሪያውን ቆርቆሮ መታ መታ አድርጎ ያቆማል።

«ከቃምክ በኋላ ሲነጋ ራሴን እጠላዋለሁ ትል ነበር። አሁን ሲነጋስ?»

እንደሻው አንገቱን ያካል። «ሲነጋማ ሱቁን እያፏጨሁ ነው የምከፍተው። ሀሰኖ ከፊት ለፊት ሱቁ ሆኖ ይስቅብኛል።»

«እንግዲህ ስማ። እምቢ ስልህ አልሰማ ያልክ ቀን፣ ወይ ራስህ ልተው ብለህ ያቃተህ ቀን፣ እጅህን ይዤ ሆስፒታል የምወስድህ እኔ ነኝ። እስከዚያ ሱቅህ ይሠራበታል እንጂ አይታደርበትም።»

ወደ ጓዳ ትገባና ፍራሹን ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸክማ ትወጣለች። እንደሻው ይደነግጣል፤ ቀትር ነው፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

ከፊት ለፊት መለዋወጫ የሚሸጠው ሀሰኖ ከሱቁ ብቅ ይላል። «አካም ጂርታ፣ ተሻለች! ፍራሹን ልትሸጡት ነው?»

እሷ ቁልቁል መንገዷን ቀጥላለች። እንደሻው ትራሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይከተላታል።

«አይ ሀሰኖ» ይላል፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ወደ ቤታችን ነው።»